ኳሱ በቀኝ በኩል ሲሆን ኤዲ ሃፕጉድ የት ነበር የሚቆመው?

ኮርነር_ባንዲራ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የ1930ዎቹን አርሰናል እያየሁ አንድ ነገር አልገባ ብሎኛል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው፤ እንዳንምታታ እናንተም እንደዚያው አድርጉልኝ።

በዘመኑ የጨዋታ ፕሮግራም ላይ ቡድኑ የሚታተመው 2-3-5 ሆኖ ነው። በረኛው ፍራንክ ሞስ፣ ከፊቱ ሁለቱ ባኮች (ተከላካዮች) ጆርጅ ሜልና ግራ ባኩ ኤዲ ሃፕጉድ፣ ከእነሱ ፊት ሦስት ሃፍ ባክ (የመሀል ተጫዋቾች)፣ ከዚያ አምስት አጥቂ። በዚህ ከሄድን ሁለቱ ባኮች መሀል ላይ ጎን ለጎን መቆም አለባቸው። ስለ ሃፕጉድ የሚጻፈው ግን ግራ መስመር ላይ የተጋጣሚን ቀኝ ዊንግ (የመስመር አጥቂ) ይይዝ እንደነበረ ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቶ ይሸፍን ነበር ይላል። መሀል ነው፣ መስመር ነው፣ ወይስ ውስጥ?

ሁለተኛው ጥያቄዬ ተራ ነው። ለእንግሊዝ 30 ጨዋታ፣ ለአርሰናል 2 ጎል። በወረቀት ሲታይ ምኑ ያስደንቃል? ብልህ ነበር፣ መሪ ነበር የሚለውን ጠግቤዋለሁ። ሜዳ ላይ በትክክል ያደርግ የነበረውን ብትነግሩኝ ነው የምፈልገው።


ሦስተኛው_ባክ

ፕሮግራሙን አትመነው። አሰላለፉ ከ1925 በኋላ ተቀይሯል፤ አታሚዎቹ ግን ጦርነቱ ካበቃም በኋላ ለብዙ ዓመት በድሮው መልክ ማተማቸውን ቀጥለዋል። መሀል ላይ «ሴንተር ሃፍ» ተብሎ የተጻፈው ኸርቢ ሮበርትስ የቆመው ከሃፍ ባኮቹ ጋር ሳይሆን በሜልና በሃፕጉድ መካከል ነበር። ሁለት የሚመስሉህ ባኮች ሦስት ናቸው።

ይህን ለመረዳት ከኦፍሳይድ ሕግ መጀመር አለብህ። እስከ 1925 ድረስ ኳስ ሲላክለት አጥቂው ከፊቱ ቢያንስ 3 ተጋጣሚ ሊኖረው ይገባ ነበር። አንዱ በረኛው ነው። ስለዚህ ሁለት ባክ ያለው ቡድን አንዱን ወደፊት ልኮ ሌላውን ኋላ ያስቀር ነበር። የፊተኛው አጥቂውን ኦፍሳይድ ያደርገዋል፤ ወጥመዱ ቢበጠስም የኋለኛው አለ። የኒውካስሉ ቢል ማክራከን በዚህ ዘዴ አገር ምድሩን አስመርሯል፤ ጨዋታው መሀል ሜዳ ላይ በጠባብ ቦታ ታንቆ ይቀር ነበር። ሕጉ 3ቱን ወደ 2 ሲያወርደው የኋላው ዋስትና ጠፋ። ባኩ ወጥቶ ከተሳሳተ የቀረው በረኛው ብቻ ነው። ውጤቱን በቁጥር እየው፦ በአንደኛ ዲቪዚዮን በ1924-25 1,192 ጎል ገብቶ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት 1,703 ሆነ።

አርሰናል በጥቅምት 1925 ኒውካስል ሜዳ ላይ 7 ለ 0 ሲረታ አምበሉ ቻርሊ ቡካን ሴንተር ሃፉ ወደኋላ ይውረድ አለ፣ አሠልጣኙ ኸርበርት ቻፕማንም ተቀበለው። መጀመሪያ ሥራውን የያዘው ጃክ በትለር ነበር። በ1926 ሮበርትስን ከኦስዌስትሪ በ200 ፓውንድ ገዙት፤ «ፖሊስ» የሚል ቅጽል ያወጡለት እሱ ነው። መሀሉን እሱ ከያዘው ሁለቱ ባኮች ወደ መስመር መውጣት ይችላሉ። የተጫዋቾቹ አቋቋም W እና M ፊደል ስለሚመስል ደብልዩ ኤም የሚባለው ይህ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ሦስቱም እውነት ነው፤ የሚለየው ኳሱ ያለበት ቦታ ነው።

ኳሱ በተጋጣሚው ግራ ዊንግ እግር ላይ ነው እንበል፤ ማለትም በአርሰናል ቀኝ በኩል። ሜል ወደ ዊንጉ ይወጣል። ሮበርትስ ሴንተር ፎርዋርዱን (የመሀል አጥቂውን) ይዞ መሀል ይቀራል፣ ምንም ቢመጣ አይወጣም። ሃፕጉድ የራሱን ዊንግ ይተውና ወደ ውስጥም ወደኋላም ይገባል፤ ከሮበርትስ ግራ ትከሻ ጀርባ፣ ከእሱ ጥቂት ሜትር ወደ ጎሉ ቀረብ ብሎ። ከላይ ብታያቸው ሦስቱ ቀጥ ያለ መስመር አይሠሩም፤ ከቀኝ ወደ ግራ እያጋደለ የሚወርድ ሰያፍ ይሠራሉ። ሴንተር ፎርዋርዱ ሮበርትስን ቢያልፈው የሚጠብቀው ሃፕጉድ ነው። ኳሱ ወደ ሃፕጉድ ጎን ሲዞር ሰያፉ ይገለበጣል፦ እሱ ወደ መስመር ይወጣል፣ ሜል ወደ ውስጥ ይገባል። ሮበርትስ ማጠፊያው ነው፤ ሁለቱ ባኮች በእሱ ላይ ወዲያና ወዲህ ይዞራሉ።

ያ ብቻውን የቀረው ዊንግስ? ከኳሱ የሜዳው ስፋት ያህል ርቆ ነው ያለው። በዚያን ጊዜ ኳስ፣ በተለይ በዝናብ፣ ያን ያህል ርቀት በአንድ ምት ማሻገር ቀላል አልነበረም። ቢሻገርም አየር ላይ ይቆያል፤ ሃፕጉድ እየተንሸራተተ የሚመለሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። ስለ ፍጥነቱ ብዙ ይወራል። ለእኔ ግን ዋናው መነሻው ነው። ኳሱ ከእግር ከወጣ በኋላ የሚነሳ ባክ ዘግይቷል፤ የመቺው እግር ወደኋላ ሲሳብ የሚነሳው ደግሞ ኳሱ ሲያርፍ እዚያው ነው።


ኮርነር_ባንዲራ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠራልኝ። እንግዲህ ነገሩ ይህን ያህል የሚያምር ከሆነ የሚከሽፈው የት ላይ ነው? ሁሉም ቡድን ከገለበጠው ሁሉም አርሰናልን ይሆን ነበር።


ሦስተኛው_ባክ

ገልብጠውታል፣ ብዙዎቹም አበላሽተውታል። የተለመደው ስህተት ሁለቱንም ባኮች በአንድ ጊዜ ዊንግ ላይ መለጠፍ ነው። ሰው በሰው ያዝ ተብለዋል፤ ኳሱ በሌላው ጫፍ ሆኖም የየራሳቸውን ሰው ይዘው ይቆማሉ። መሀል ላይ ያለው ብቻውን ይቀራል፤ አንዴ ከታለፈ በእሱና በበረኛው መካከል ባዶ ሜዳ ነው። ያ ሰያፉ የሌለው ደብልዩ ኤም ነው፣ ማለትም ግማሹ።

ሁለተኛው ስህተት ተቃራኒው ነው፤ ባኩ ወደ ውስጥ ይገባና የሚመለስበት ሰዓት ያመልጠዋል። ዊንጉ ኳሱን ይቀበላል፣ ቀና ይላል፣ ባኩ እየሮጠ ይደርሳል። እየሮጠ የሚደርስ ባክ ለዊንግ ምሳው ነው፤ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ አስመስሎ ወደ ውጭ ይሄዳል። ሃፕጉድ እንዲህ ሲዘገይበት አይጣደፍም። ሁለት ሦስት እርምጃ ሲቀረው ፍጥነቱን ይቀንስና ዊንጉን ወደ መስመሩ እያጠበበ ይሸኘዋል፣ ኳሱ ከእግሩ ራቅ እስኪል ይጠብቃል። ሸርተቴ የመጨረሻ አማራጩ ነበር። በዘመኑ ብዙ ባክ መጀመሪያ መሬት ላይ ወድቆ ከዚያ ነው የሚያስበው።

ሦስተኛው ግን የሥርዓቱ የራሱ ደዌ ነው። ሴንተር ፎርዋርዱ ወደ መሀል ሜዳ ቢወርድ የመሀሉ ባክ ይከተለው ወይስ ይቅር? ከተከተለ ማጠፊያው ተነቀለ። ካልተከተለ አጥቂው ነጻ ነው። ይህ በመጨረሻ ገሃድ የወጣው በኖቬምበር 1953 ዌምብሌይ ላይ ነው፤ ሴንተር ፎርዋርዱ ሂደኩቲ ለሀንጋሪ ሲጫወት፣ እንግሊዝ 6 ለ 3 ስትረታ። ሃፕጉድ ያኔ ጫማ ከሰቀለ ቆይቷል።

ስለ ኳስ አወጣጥም አንድ ነገር ልጨምር። ባክ ኳስ ሲያገኝ ወደ ሰማይ መጠለዝ ልማድ ነበር። ሃፕጉድ ግን ከፊቱ አሌክስ ጄምስ አለለት፤ በ1929 ከፕሬስተን በ8,750 ፓውንድ የመጣው ያ ሱሪው ረዥም አጭር ሰው። ጄምስ ወደኋላ ወርዶ ኳሱን ከግራ ባኩ ወይም ከግራ ሃፉ ከቦብ ጆን እግር ይወስድና ለክሊፍ ባስቲን ወይም በሌላው ጫፍ ላለው ለጆ ህዩም ይልከዋል። ስለዚህ የሃፕጉድ የመጀመሪያ ቅብብል አጭርና መሬት ለመሬት ነበር። አርሰናል «ዕድለኛ» እየተባለ በመልሶ ማጥቃት ያገባቸው ጎሎች ብዙዎቹ መነሻቸው እዚያ ነው። በ1930-31 በ42 ጨዋታ 127 ጎል አግብተዋል፤ መከላከል ብቻ የሚያውቅ ቡድን ያን አያገባም።


የሰኞ_ጋዜጣ

ታክቲኩን ሦስተኛው ጨርሶታል፤ እኔ ቀንና ቁጥሩን ላስተካክል።

ሃፕጉድ በ24 ሴፕቴምበር 1908 ብሪስቶል ተወለደ። በፈረስ ጋሪ ወተት ያደርስ ነበር። ብሪስቶል ሮቨርስ ሊያስፈርመው ሲፈልግ በበጋው የከሰል ጋሪ ትነዳለህ አለው፤ ከወተት ወደ ከሰል አልወርድም ብሎ ተወው። (ለእኛ ሁለቱም ጋሪ ነው፤ ለእሱ ግን አንዱ ንጹሕ ሌላው ጥቁር ነበር።) በ1927 ኬተሪንግ ታውን ገባ፣ 12 ጨዋታ ያህል ተጫወተ፣ ቻፕማን መጥቶ ወሰደው። ሂሳቡ 950 ፓውንድ ነው። ለአርሰናል የመጀመሪያው ጨዋታው በ19 ኖቬምበር 1927 ከበርሚንግሃም ጋር ነበር፤ ቦታው ግን የሆራስ ኮፕ ስለነበረ ቋሚ የሆነው በ1929 ነው። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ እስኪነሳ ጉዳት ካልሆነ በቀር የነካው የለም፤ በድምሩ ከ400 በላይ ጨዋታ።

ዋንጫዎቹ፦ ሊግ 5 ጊዜ፣ 1931፣ 1933፣ 1934፣ 1935 እና 1938። ኤፍ ኤ ካፕ 2 ጊዜ፦ በ1930 ሃደርስፊልድን 2 ለ 0፣ በ1936 ሼፊልድ ዩናይትድን 1 ለ 0። በ1932 ፍጻሜ ለኒውካስል 2 ለ 1 የተሸነፉበት ደግሞ ጂሚ ሪቻርድሰን ያሻገረው ኳስ ከመስመር ወጥቶ ነበር እየተባለ እስከ ዛሬ የሚጨቃጨቁበት ነው።

የሌለበት ቀን ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለግህ ዋልሳልን አስታውስ። ጃንዋሪ 14 ቀን 1933፣ ኤፍ ኤ ካፕ፣ ዋልሳል የሦስተኛ ዲቪዚዮን ቡድን ነው። ሃፕጉድ የለም፣ ሌሎች ቋሚዎችም ጎድለዋል። በግራ ባክ ቶሚ ብላክ ገባ፤ ፔናሊቲ አሰጠ፣ አርሰናል 2 ለ 0 ተሸንፎ ወጣ። ቻፕማን ብላክን ወዲያው ለፕሊመዝ ሸጠው። ጭካኔ ነው፤ ጨዋታውን አንድ ሰው አላጠፋውም።

ስለ 30 ጨዋታው፦ የዛሬውን ሚዛን አታምጣ። እንግሊዝ ያኔ በዓመት ከስኮትላንድ፣ ከዌልስና ከአየርላንድ ጋር 3 ጨዋታ፣ በክረምት አንድ ሁለት የአውሮፓ ጉዞ፣ አንዳንዴ አንድ እንግዳ ቡድን። በ1930ም በ1934ም በ1938ም የዓለም ዋንጫ አልሄደችም፤ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በ1928 ከፊፋ ወጥቶ ነበር። የቦብ ክሮምፕተን 41 ጨዋታ ክብረ ወሰን ሆኖ እስከ 1952 መቆየቱ ይህን ይነግርሃል። ሃፕጉድ የጀመረው በሜይ 1933 ሮም ላይ ከጣሊያን ጋር 1 ለ 1 ሲለያዩ ነው። ከ30ው በ21ዱ አምበል ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ 13 ተጫውቷል፤ እነዚያ እንደ ሕጋዊ አይቆጠሩም።


ወጌሻው

የአካሉን ጉዳይ ማንም ስላላነሳው እኔ ልግባ።

ሃፕጉድ አርሰናል ሲደርስ ቀጭን ነበር፣ ሥጋም አይበላም ነበር። ኳስ በቴስታ ሲመታ ራሱን ይስት ስለነበር የቡድኑ ወጌሻ ቶም ዊተከር ሥጋ አስጀመረው፣ ጡንቻውንም አሠራው። ቀልድ ይመስላል፤ ኳሱን ካየኸው አይመስልህም። ሕጉ እስከ 1937 ድረስ የሚፈቅደው ከ13 እስከ 15 አውንስ ነው፣ ማለትም ከ370 እስከ 425 ግራም ገደማ። ከ1937 ወዲህ ከ14 እስከ 16 አውንስ፣ ከ400 እስከ 450 ግራም ገደማ ሆነ። ይህ ግን ጨዋታው ሲጀመር፣ በደረቁ ነው። ቆዳው ውሃ ይመጥጣል፤ በጭቃ ሜዳ ላይ በሁለተኛው አጋማሽ ሚዛኑ ሌላ ነው። ላዩ ላይ ደግሞ ውስጡ ያለውን ላስቲክ ነፍተው የሚያስሩበት የቆዳ ክር አለ። ክሩ ግንባር ላይ ካረፈ ይሰነጥቃል። ስለዚህ በቴስታ የሚመታ ተከላካይ የኳሱን አዟዟር እያየ፣ አንገቱን አጠንክሮ፣ በግንባሩ ጠፍጣፋ ላይ ነው የሚቀበለው፤ በአናቱ ከተቀበለው መውደቁ ነው። ዊተከር ያጠነከረው ሆዱን ብቻ አልነበረም፣ አንገቱንም ጭምር ነው።

በዚያ ላይ ቅያሪ የለም። በሊጉ ቅያሪ የተፈቀደው በ1965 ነው። ተከላካይ ቢሰበር ወይ ያነክሳል ወይ ቡድኑ በ10 ይጨርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የተጎዳው ዊንግ ላይ እንዲቆም ይደረግና ዊንጉ ወይም ሃፉ ወደ ባክ ይወርዳል።

ለዚህ ምሳሌው የአርሰናል ሜዳ የነበረው ሃይበሪ ነው፤ ኖቬምበር 14 ቀን 1934፣ እንግሊዝ ከጣሊያን። ጣሊያን በዚያው ዓመት የዓለም ዋንጫ ወስዳ መጥታለች። እንግሊዝ 7 የአርሰናል ልጆች አሰለፈች፦ ሞስ፣ ሜል፣ ሃፕጉድ፣ ኮፒንግ፣ ቦውደን፣ ድሬክ፣ ባስቲን። ሃፕጉድ ለመጀመሪያ ጊዜ አምበል የሆነው ያን ቀን ነው፤ ሜልና ድሬክ ደግሞ ለአገራቸው ሲጫወቱ የመጀመሪያቸው ነበር። ገና በጅምሩ ኤሪክ ብሩክ ፔናሊቲ ሳተ። ጣሊያናዊው ሴንተር ሃፍ ሉዊስ ሞንቲ ከድሬክ ጋር ተጋጭቶ እግሩ ተሰበረና የቀረውን ጨዋታ ጣሊያን በ10 ሰው ተጫወተች። 12 ደቂቃ ሳይሞላ 3 ለ 0፤ ብሩክ ሁለት፣ ድሬክ አንድ። ጣሊያኖቹ ሞንቲ የተሰበረው ሆን ተብሎ ነው ብለው ስላመኑ ከዚያ በኋላ ያለው ኳስ አልነበረም። ሃፕጉድ በክርን አፍንጫው ተሰበረ። ወጥቶ ታከመ፣ ተመልሶ ገባ። በሁለተኛው አጋማሽ ሜአሳ ሁለት አገባ፣ 3 ለ 2 አለቀ።

አፍንጫ ሲሰበር የሚያስቸግረው ሕመሙ ብቻ አይደለም። ዓይን ያለቅሳል፣ እብጠቱ የታችኛውን እይታ ይሸፍናል፣ በአፍ ብቻ መተንፈስ ደግሞ ሩጫውን ያሳጥራል። ከላይ እንደተባለው የእሱ ሥራ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ማየት ነው፤ ኳሱን በቀኝ፣ ሰውየውን በግራ። ጣሊያን በ10 ሰው ሆና 2 ጎል ስታገባ ይህንንም አብረህ ቁጠር።

በነገራችን ላይ ያ ቀን በእኛ ኅዳር 5 ቀን 1927 ነው። የወልወሉ ተኩስ የተነሳው በ26 ኅዳር። በሦስት ሳምንት ልዩነት።


ኮርነር_ባንዲራ

ወልወልን ከዚህ ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር! ስለ በርሊኑ ሰላምታስ? አምበሉ እሱ ነበር አይደል?


የሰኞ_ጋዜጣ

እሱ ነው። ሜይ 14 ቀን 1938፣ የኦሎምፒክ ስታዲየም፣ ከ100 ሺህ በላይ ተመልካች። የጀርመን መዝሙር ሲዘመር የእንግሊዝ ተጫዋቾች የናዚን ሰላምታ እጃቸውን ዘርግተው ሰጡ። ትእዛዙ የመጣው ከላይ ነው፤ አምባሳደሩ ኔቪል ሄንደርሰንና የማኅበሩ ዋና ጸሐፊ ስታንሊ ራውስ ተነጋግረውበት ነበር። ሃፕጉድ በአምበልነቱ ተቃውሟል፣ አልተሰማም። ፎቶውን የሚያይ ሰው ተጫዋቾቹን ይወቅሳል፣ ለእኔ ግን ልኩ አይመስለኝም፤ እምቢ ያለ ተጫዋች ከዚያ በኋላ ለአገሩ የሚጫወትበትን መንገድ በእጃቸው የያዙት እነዚያው ሰዎች ነበሩ።

ጨዋታው በእንግሊዝ አሸናፊነት 6 ለ 3 ነው ያለቀው። ጎሎቹ የባስቲን፣ የሮቢንሰን ሁለት፣ የብሩም፣ የማቲውስና የጉልደን። በባክ ከሃፕጉድ ጋር የነበረው በርት ስፕሮስተን ነው። ከሳምንት በኋላ ዙሪክ ላይ በስዊዘርላንድ 2 ለ 1 ተሸነፉ፤ ያንን ማንም አያነሳውም።

በ1939ም ሚላን ላይ ከጣሊያን ጋር 2 ለ 2፤ ጣሊያናዊው ፒዮላ በእጁ ያገባበትና በዚያው እንቅስቃሴ የጆርጅ ሜልን ዓይን በቡጢ ያገኘበት ጨዋታ። ዳኛው አጸደቀው።


ሂሳብ_ሹም

ገንዘቡንም ጨምሩበት፤ ሃፕጉድን ያለ ገንዘቡ ማውራት ግማሽ ነው።

ከ1922 ጀምሮ በሊጉ የደመወዝ ጣሪያ በጨዋታ ወራት በሳምንት 8 ፓውንድ፣ ጨዋታ በሌለበት ክረምት 6 ፓውንድ ነበር። ሲያሸንፉ 2 ፓውንድ፣ አቻ ሲወጡ 1 ፓውንድ ጉርሻ። የእንግሊዝ አምበልም ይሁን የታችኛው ዲቪዚዮን ልጅ፣ ከጣሪያው በላይ መክፈል ክልክል ነው። በሌላ በኩል ክለቦቹ እርስ በርስ የሚከፋፈሉት የዝውውር ሂሳብ ጣሪያ የለውም። አርሰናል ለዴቪድ ጃክ በ1928 10,890 ፓውንድ፣ ለብሪን ጆንስ በ1938 14,000 ፓውንድ ከፍሏል። ሁሉም ወደ ክለብ ነው የሚሄደው፣ ተጫዋቹ ጋ ያው 8 ፓውንድ ነች። ጄምስ ይህን አውቆ በሴልፍሪጅስ የስፖርት ዕቃ ክፍል ውስጥ ሁለተኛ ሥራ ይዞ ነበር።

ተነስቶ ወደ ሌላ ክለብ መሄድስ? አይችልም። ውሉ የአንድ ዓመት ነው፣ ምዝገባው ግን የክለቡ ነው። ውሉ ቢያልቅ እንኳ ክለቡ ካልለቀቀው ሌላ ጋ መጫወት አይችልም። ጣሪያው የተነሳው በ1961፣ ያ ማነቆ በፍርድ ቤት የተበጠሰው በ1963 ነው። በሕጉ 5 ዓመት ላገለገለ ተጫዋች የመሸኛ ገንዘብ መስጠት ይፈቀዳል እንጂ ግዴታ አልነበረም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ሃፕጉድ ጫማውን ሲሰቅል በ1944 ብላክበርን ሮቨርስን ያዘ፣ እስከ 1947። ከዚያ ዋትፎርድ፣ ከ1950 እስከ 1956 ባዝ ሲቲ። (ባዝ ማለት ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው የከረሙባት ከተማ ነች፤ እሱ የደረሰው ግን እሳቸው ከሄዱ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።) ከዚያ በኋላ ክለብ አላገኘም። የሠራተኛ ማደሪያ ቤቶች ኃላፊ ሆኖ ሠራ፤ ሲቸግረው ለአርሰናል ጻፈ፣ መሸኛ ጨዋታ ተደርጎልኝ አያውቅምና እርዱኝ ብሎ። 30 ፓውንድ ላኩለት። በኤፕሪል 1973 በ64 ዓመቱ አረፈ።

5 ሊግ ላመጣ ሰው 30 ፓውንድ። ለእያንዳንዱ ዋንጫ 6 ፓውንድ፣ የአንድ ሳምንት የክረምት ደመወዙ።


ኮርነር_ባንዲራ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከጠየቅሁት በላይ ነው ያገኘሁት። አንድ የመጨረሻ፦ የሃይበሪውና የበርሊኑ ጨዋታ ፊልም አለ። ሰያፉን እዚያ ላይ ማየት እችላለሁ?


ሦስተኛው_ባክ

በጭንቅ። የዜና ፊልም ነው፣ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ካሜራው ደግሞ ኳሱን ነው የሚከተለው። ኳሱ በቀኝ በኩል ሲሆን ሃፕጉድ ሥራውን የሚሠራው ከምስሉ ውጪ ሆኖ ነው። በ1934 ማሊያው ላይ ቁጥርም የለም።

እንዲህ አድርግ። ኳስ ከተጋጣሚው ግራ ዊንግ የሚሻገርበትን ቦታ ፈልግና ምስሉን አቁመው። ኳሱን ተወው። ፔናሊቲ ሳጥኑ ውስጥ ከጣሊያኑ ሴንተር ፎርዋርድ ጀርባ፣ ወደ ሩቁ ቋሚ በኩል፣ ከሁሉም ለጎሉ የቀረበውን ነጭ ማሊያ ለባሽ እየው። ከዚያ ምስሉን በዝግታ ልቀቀው። ኳሱ ሁሉንም አልፎ ወደ ሩቁ ጎን ሲሄድ ሰውየው ፊቱን ወደ ኳሱ እንዳደረገ በጎኑ እየሄደ ከምስሉ ይወጣል። ሲሮጥ አታየውም።